ቻርትን ፈጥሮ በድህነት የሞተው ሰው

ዛሬ ስለ አንድ ስኮትላንዳዊ እናወራለን። ስሙን ሰምታችሁ ላታውቁ ትችላላችሁ፤ ሥራውን ግን በየቀኑ ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። የዶላር ምንዛሬ ሲወጣና ሲወርድ የሚያሳየው መስመር፣ ዜና ላይ የማይጠፋው ባለ ዘንግ ቻርት፣ እንደ ዳቦ የተቆራረጠው ክብ፣ የሦስቱም አባት የሚባለው ዊሊያም ፕሌይፌር ነው።

ዊሊያም እ.ኤ.አ. በ1759 ዳንዲ ከተማ አጠገብ ተወለደ። አባቱ ገና ልጅ ሳለ ስለሞቱ ያሳደገው ታላቅ ወንድሙ ጆን ነው፤ በኋላ የሂሳብ ፕሮፌሰር የሆነው። ጆን ታናሹን የየቀኑን ሙቀት እየመዘገበ በመስመር እንዲያሳይ ያሠራው ነበር። እቺ የልጅነት የቤት ሥራ ናት እንግዲህ ዓለምን የቀየረችው።

በ1777 በእንፋሎት ሞተር ስሙ የገነነው ጄምስ ዋት ዘንድ ንድፍ ሠሪና ረዳት ሆነ። ከዚያ ወጥቶ ለንደን ላይ የብር ዕቃ ሱቅ ከፈተ፤ አልሆነለትም።

በ1786 ግን የእንግሊዝን ንግድ በ44 ቻርቶች የሚያሳይ መጽሐፍ አወጣ። ያኔ የንግድ ቁጥር የሚቀርበው በረጅም ሰንጠረዥ ነበር፤ አንብቦ ለመጨረስ ራሱ ትዕግሥት ይጠይቃል። እሱ ግን ቁጥሩን ወደ መስመር ቀየረው። 43ቱ ቻርቶች በዓመታት ውስጥ ያለውን ለውጥ ያሳያሉ። ለስኮትላንድ የብዙ ዓመት መረጃ ስላጣ የ1 ዓመቱን ንግድ ብቻ በዘንግ ሠራው፤ ባር ቻርት የምንለው እንዲህ መጣ።

እኛን የገረመን ግን ጽሑፉን ያስቀመጠበት ቦታ ነው። እንግሊዝ ከዴንማርክና ከኖርዌይ ጋር ከ1700 እስከ 1780 ያደረገችውን ንግድ በሚያሳየው ቻርቱ ላይ የገቢው ስም በገቢው መስመር ላይ፣ የወጪው ስም በወጪው መስመር ላይ ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ደግሞ ሚዛኑ ለእንግሊዝ ያደላበትንና የከፋበትን ዘመን ለይቶ ጽፎበታል። አንባቢው የቱ መስመር የምን እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑን ወዲያና ወዲህ ማንከራተት የለበትም።

ዋት ቻርት ብቻውን እንደ ቁጥር እርግጠኛ ስለማይመስል ሰንጠረዡም አብሮ ቢገባ እንደሚሻል መክሮት ነበር። ይሄ ክርክር ዛሬም አላለቀም፤ ኤክሴል ላይ ዳታ ሌብል ይግባ አይግባ ስንል የምንከራከረው እኮ ይሄንኑ ነው።

በ1801 ባወጣው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ የቱርክን ግዛት በእስያ፣ በአውሮፓና በአፍሪካ ከፍሎ በክብ አሳየ። የመጀመሪያው ፓይ ቻርት ይሄ ነው።

ኑሮው ግን እንደ መስመሮቹ ከፍ ዝቅ የበዛበት ነበር። ፓሪስ ላይ የአሜሪካን መሬት ለፈረንሳዮች በሚሸጥ ኩባንያ ውስጥ ሠራ፤ ገዢዎቹ ባሕር ተሻግረው ሲደርሱ ግን የከፈሉበት መሬት የእነሱ እንዳልሆነ ሰሙ። ለንደን ተመልሶ የከፈተው ባንክም ከሰረ። በዕዳ ታሰረ። በ1823 ለንደን ውስጥ በድህነት ሞተ። በሕይወት ሳለ አገሩ ለቻርቶቹ ብዙም ቦታ አልሰጠችም።

ከእሱ የምንወስደው ምንድን ነው? ሪፖርት ስትሠሩ መስመሮቹ ሦስት አራት ከሆኑ የቀለም መግለጫውን ጥግ ላይ አትጣሉት። ኤክሴል ላይ የመስመሩን የመጨረሻ ነጥብ ብቻ መርጣችሁ ዳታ ሌብል ጨምሩ፣ ስሙን እንዲያሳይ አድርጉና በቀኝ በኩል አስቀምጡት። ባር ቻርት ከሆነ ቁጥሩን ከዘንጉ ጫፍ ውጪ አድርጉት፤ ጥቁር ጽሑፍ ጥቁር ሰማያዊ ውስጥ ገብቶ እንዳይጠፋ። ፓይ ቻርት ላይ ቁራጩ ቀጭን ከሆነ ጽሑፉን ወደ ውጪ አውጡት። ነጥቡ ሁሉ ላይ ቁጥር መደርደር ደግሞ ቻርቱን መልሶ ሰንጠረዥ ያደርገዋል፤ ዋናዎቹ ይበቃሉ። በተለይ አለቃችሁ ሪፖርቱን የሚያየው በስልክ ከሆነ!

ሪፖርት የሚሠራ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት።