ከዩኒቨርሲቲ ተባሮ ለዓለም የስሌት ቋንቋ የሰጠው ጆን ባከስ

ሰኔ ሲገባ የዋግ ገበሬ ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። የሰቆጣና የአካባቢዋ ዝናብ በአብዛኛው የሐምሌና የነሐሴ ነው፤ ዘግይቶ ከገባ ወይም ቀድሞ ከወጣ ዓመቱን ሙሉ ችግር ነው። ታዲያ ዝናቡን ቀድመው የሚያሰሉት ብዙዎቹ የዓለማችን ትልልቅ የአየር ትንበያ ፕሮግራሞች ፎርትራን በሚባል የቆየ የኮምፒውተር ቋንቋ እንደተጻፉ ያውቁ ኖሯል? የቋንቋው አባት ጆን ባከስ ይባላል።

ባከስ እ.ኤ.አ በ1924 አሜሪካ ፊላደልፊያ ተወለደ። ትምህርት ላይ እንኳን እስከዚህም ነበር። ኬሚስትሪ ሊማር ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ክፍል ስለማይገኝ ተባረረ። ወታደር ሆነ፣ ሕክምናም ጀምሮ ተወ። ኒውዮርክ ሬዲዮ ጥገና ሲማር ነው ሒሳብ እንደሚወድ የገባው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በሒሳብ ተመረቀ፤ እ.ኤ.አ በ1950 አይ ቢ ኤም ቀጠረው።

ያኔ ኮምፒውተር ማዘዝ አበሳ ነበር። ለአንዲት ስሌት ማሽኑ በሚገባው ኮድ ትእዛዙን አንድ በአንድ መጻፍ፣ ከዚያ ደግሞ ስህተቱን ሲፈልጉ መዋል። ባከስን ይሄ ሰለቸው። በኋላም ብዙው ሥራው ከስንፍናው የመጣ እንደሆነ ሳያፍር ይናገር ነበር።

እ.ኤ.አ በ1953 መጨረሻ ለአለቃው አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ ሰው ቀመሩን ደብተር ላይ እንደሚጽፈው ይጻፍ፣ ወደ ማሽን ቋንቋ መተርጎሙን ኮምፒውተሩ ራሱ ይሥራው። ተፈቀደለት። አሥር ገደማ የሚሆኑ ወጣቶችን ይዞ ገባበት፤ ከመካከላቸው ሎይስ ሄይብት የምትባል ሴት ነበረች። ስድስት ወር ይበቃል የተባለው ሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ማሽን የጻፈው ኮድ ባለሙያ የጻፈውን ያህል አይፈጥንም ብለው የተጠራጠሩም ብዙ ነበሩ።

እ.ኤ.አ በ1957 ፎርትራን ወጣ። 20 ገደማ ትእዛዝ ይፈልግ የነበረው በአንድ መስመር አለቀ፤ ፍጥነቱም በእጅ ከተጻፈው ጋር ተቀራረበ። ከዚያ ወዲህ ሳይንቲስቱ የኮድ ባለሙያ ደጅ ሳይጠና ራሱ ማስላት ቻለ።

ባከስ በኮምፒውተር ሳይንስ ትልቁን የቱሪንግ ሽልማት ሲቀበል ግን ራሱን አላወደሰም፤ እንደ ፎርትራን ያሉትን ቋንቋዎች ድክመት ዘርዝሮ ተቸ። እ.ኤ.አ መጋቢት 2007 በ82 ዓመቱ ኦሪገን ውስጥ አረፈ።

ፎርትራን ዝናብ አያመጣም። ዝናቡ ሊያጥር እንደሚችል ቀድሞ ከታወቀ ግን ቶሎ የሚደርስ ዘር ለመምረጥ፣ ውሃ ለመያዝ፣ እህል ለማድረስ ጊዜ ይገኛል። የ77ቱን ድርቅ ያየ የዋግ ሰው ያ ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከማንም በላይ ያውቃል።