ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እና የቤተ ክህነት የለውጥ ጥያቄ

በመርካቶ አቅጣጫ ያለው ድልድይ በስማቸው የሚጠራው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጨቦ ተወላጅ ናቸው። በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው በምኒልክ ቤተ መንግሥት አደጉ፤ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሲሾሙም የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ። በብልሃታቸው አባ መላ ተብለዋል።

እርሳቸውና ግብፃዊው ሊቀ ጳጳስ አቡነ ማቴዎስ ብዙ ጊዜ የለውጥ ተቃዋሚ ጥንድ ተደርገው ይታያሉ። አመለካከቱ መሠረት አለው፤ በ1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ ሊቀ ጳጳሱ መኳንንቱን ከመሐላ ፈቱ፣ ፊታውራሪውም በሰገሌ ጦር መሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለቱም የአልጋ ወራሽ ተፈሪን እርምጃ ሲገቱ ቆይተዋል። ይሁን እንጂ ቤተ ክህነት አዲሱን ሁሉ አልገፋችም። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ሲታሰብ ያሳሰባት የመምህራኑ ሃይማኖት ነበርና፣ ከግብፅ ቅብጣውያን መምህራን ሲመጡ ተቃውሞው ረገበ። ክርክሩ አዲሱ ነገር በማን እጅ ይግባ የሚልም ነበር ማለት ነው፤ ይህ ልዩነት ተገቢውን ትኩረት አላገኘም።

ሁለቱ በ1919 ዓ.ም. በቀናት ልዩነት ዐረፉ። በ1921 ዓ.ም. አራት ኢትዮጵያውያን ኤጲስ ቆጶሳት በካይሮ ተቀቡ። ይህን ከፊታውራሪው ሞት ጋር ብቻ ማያያዝ ግን ያሳስታል፤ ከእስክንድርያ ጋር ድርድር የተከፈተው የሊቀ ጳጳሱ መንበር ባዶ ስለ ሆነ ነው። የፊታውራሪው ሞት ያስከተለው ሌላ ነበር፤ ሠራዊታቸው በተፈሪ እጅ ገባ።