ውሃን ከዘንጉ ጋር ያስታረቀው መሐንዲስ፦ ጆን ፔን (1805–1878)

መርከብ በፕሮፔለር መነዳት በጀመረበት ዘመን መሐንዲሶችን ያስጨነቀው የሞተሩ ጉልበት ብቻ አልነበረም፤ ዘንጉ ከመርከቡ ወደ ባሕር የሚወጣበት ቀዳዳም ነበር። ዘንጉ እንደ ልብ መሽከርከር፣ ውሃው ግን መገታት ነበረበት። ለዚህ ችግር ዘላቂ መፍትሔ ካስገኙት ሰዎች አንዱ ጆን ፔን ነው።

ፔን እ.ኤ.አ. በ1805 በሎንዶን አጠገብ በግሪኒች ተወለደ። አባቱ የወፍጮና የልዩ ልዩ መሣሪያ ሠሪ ስለ ነበረ፣ ልጁ ሙያውን የተማረው በአባቱ ፋብሪካ ነው። በ1844 ብላክ ኢግል ለተባለችው መርከብ ክብደትና ስፋት ሳይጨምር እጥፍ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር በመግጠሙ ዝናው ገነነ።

በዚያን ጊዜ ዘንጉ የሚያርፍበት ኩሽኔታ ከነሐስ የተሠራ ነበር። የፕሮፔለሩ ክብደትና ከውሃው ጋር የሚገባው አሸዋ ነሐሱን በጥቂት ጊዜ ይበላው ነበር። ዘንጉም ከመስመሩ ወርዶ ሲወዛወዝ፣ ውሃ እንዲከላከል ዙሪያውን የተጠቀጠቀው ፓኪንግ ይላላል። በ1855 መጨረሻ ሮያል አልበርት የተባለችው ታላቅ የጦር መርከብ ከክሪሚያ ስትመለስ በዘንጓ በኩል በገባው ውሃ ልትሰጥም ደርሳ፣ የዳነችው ኬያ በተባለችው የግሪክ ደሴት ዳርቻ ላይ ሆን ተብሎ እንድታርፍ በመደረጓ ነው።

ፔን በ1854 ባስመዘገበው ፈጠራ ኩሽኔታውን ሊግነም ቪቴ በተባለ እጅግ ጠንካራ እንጨት ለበጠው። በእንጨቶቹ መካከል በተተዉት ቦዮች የሚፈሰው ውሃ ዘንጉን ያቀዘቅዛል፤ በዘይት ፈንታም ያለሰልሰዋል። ጠላት የነበረው ውሃ በዚህ ዘዴ አገልጋይ ሆነ፤ ዘንጉ በመስመሩ ሲጸናም የፓኪንጉ ዕድሜ ረዘመ።

ፔን በ1859 የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኖ ተመረጠ፤ የእንግሊዝ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርንም ሁለት ጊዜ በፕሬዚዳንትነት መርቷል። በ1878 ዓረፈ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ሜካኒካል ሲል የሚሠራው በሁለት ለስላሳ ቀለበቶች ነው፤ አንዱ ከዘንጉ ጋር ይዞራል፣ ሌላው ቆሞ ይቀራል፣ ሞላም እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ዘንጉ ከተወዛወዘ ግን ቀለበቶቹ ይለያያሉ፤ ውሃም ያልፋል። ከሁሩታ ዝቅ ብሎ በአዋሽ ሸለቆ የመስኖ ውሃ የሚስቡ ፓምፖችም ለዚሁ ሕግ ይገዛሉ። ስለዚህ ፓምፕ ባንጠባጠበ ቁጥር ፓኪንጉን ማጥበቅ ወይም ሲሉን መለወጥ ብቻ አይበቃም፤ አስቀድሞ ኩሽኔታውን መመርመር ያስፈልጋል። ፔን ለሙያ ወራሾቹ የተወው ትምህርት ይህ ነው።