በክፉ ቀን የጸና ልብ

አንባቢ ሆይ፤ በሰላም ዘመን ሹመት ለሁሉ ትቀላለች፤ የሹም ልብ የሚታወቀው ግን በመከራ ቀን ነው። በካምባ የቤተ ሰብ አባት ብትሆን፥ ወይም ዳኛ፥ ወይም የትምህርት ቤት አለቃ ብትሆን፥ የሚታዘዙህ ሰዎች በጭንቅ ጊዜ አስቀድመው የሚመለከቱት ፊትህን ነው። ስለዚህ የዳግማዊ ምኒልክን ሕይወት ጥቂት እናስተውል።

ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. በአንጎለላ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሞቱ፤ እርሳቸውም ወደ መቅደላ ተወስደው በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ዐሥር ዓመት ያህል ኖሩ። በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ።

በ1880 ዓ.ም. ግድም የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ አገሩን ሁሉ አዳረሰ፤ ከመቶ ከብት ዘጠናው ያህል እንዳለቀ ይነገራል። ዝናብ ቀረ፤ አንበጣና ተምች የተረፈውን በላ፤ ሕዝቡም ዘመኑን ክፉ ቀን ብሎ ጠራው። በዚሁ መካከል፥ በመጋቢት 1881 ዓ.ም.፥ ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ወደቁ፤ በሰሜንም ኢጣልያ ምድር እየያዘች ትገፋ ነበር። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ዘውድ ሲጭኑ፥ የተቀበሉት ክብርን ብቻ ሳይሆን ረኃብንም ነበር።

ምን አደረጉ? ጎተራቸውን ለረኃብተኛው ከፈቱ። በሬ አልቆ ሞፈር በተሰቀለ ጊዜም ዶማና መጥረቢያ አስበጅተው አከፋፈሉ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ። አንተ የጋሞ ሰው፤ አባቶችህ ደጋውን እርከን እየሠሩ በእጃቸው ቆፍረው ኖረዋልና ይህ አያስደንቅህ ይሆናል። ለዚያ ዘመን መኳንንት ግን መቆፈር ውርደት ነበር፤ ንጉሡን ባዩ ጊዜ እነርሱም ተከተሉ። የጨነቀው አለቃ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ጭንቀቱ ይበዛበታል፤ ከሕዝቡ ጋር ሲሠራ ግን የራሱም ልብ ይበረታል፥ የሌላውም ይጽናናል።

ሌላውንም ነገር አልሰውርህም። በ1887 ዓ.ም. ምኒልክ በወላይታ ላይ ዘመቱ፤ ንጉሥ ጦና ተማረኩ፥ እጅግ ብዙ ከብትም ተነዳ፤ በዚያው ዘመን የጋሞም ሕዝብ በገባርነት ቀንበር ሥር ወደቀ። እንግዲህ ልብ በል፤ የራስን ሰው ለማጥገብ የሌላውን ማጀት ባዶ የሚያስቀር ብርታት ሙሉ ብርታት አይደለም።

ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ካደረጉ በኋላ ብዙ ዓመት የመንግሥቱን ሥራ በራሳቸው ትከሻ ተሸከሙ። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮች ሾመው ሥራውን አካፈሉ። ጥቂት ቆይቶ ጽኑ ደዌ ያዛቸው፤ በ1901 ዓ.ም. የልጅ ልጃቸውን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወቁ፤ ረጅም ጊዜም ታመው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ዐረፉ።

አንተ ሹም ሆይ፤ ንጉሥም እንኳ ሥጋ ለባሽ መሆኑን አስብ። ችግር ሲመጣ አትሸሽግ፤ ያለህን አካፍል፤ ሥራውን በእጅህ ጀምር፤ የሰው አትንካ። ሸክሙን የሚያግዙህን ሰዎች ደግሞ ጉልበትህ ሳይደክም፥ ዛሬውኑ ምረጥ።