መስተዋት የወለወለው ሙዚቀኛ፤ የዊልያም ሄርሼል ታሪክ

ባለፈው ኅዳር ወር እኛ የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ከሳይንስ መምህራችን ጋራ ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ሄደን ነበር። የሄድነው ስለ አገራችን ዛፎች ለመማር ነው፤ ጥዱን፣ ወይራውንና ኮሶውን ስናይ ዋልን። ሲመሽ ከበሩ ውጭ መኪና ስንጠብቅ ግን ሰማዩ ጠርቶ ከዋክብት አንድ በአንድ ብቅ አሉ፤ ዓይናችንም ከምድር ወደ ላይ ዞረ። መምህራችንም በዚያው በእንጦጦ ተራራ ላይ የመስተዋታቸው ወርድ አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ታላላቅ ቴሌስኮፖች እንዳሉ ነገሩን። በዚያ ምሽት ለሳይንስ ማኅበራችን አንድ ትንሽ ቴሌስኮፕ ለመግዛት አሰብንና ገንዘብ ማዋጣት ጀመርን።

ነገር ግን በምርጫው ተከፋፈልን። እኩሌቶቻችን በሣጥኑ ላይ 600 ጊዜ ያጎላል የሚል የተጻፈበትን፣ ወርዱ 7 ሳንቲሜትር የሆነውን አብረቅራቂ መሣሪያ ወደድን፤ እኩሌቶቻችን ደግሞ በቁጥሩ አላመንንም። ክርክሩን የቈረጠልን ከሞተ 200 ዓመት ያለፈው አንድ ሙዚቀኛ ነው። የዚህን ሰው ታሪክ፣ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እየጻፍን፣ ባጭሩ እናቀርባለን።

ዊልያም ሄርሼል በ1738 ዓ.ም. በጀርመን አገር በሃኖቨር ከተማ ተወለደ። አባቱ የጦር ሠራዊት ሙዚቀኛ ነበር፤ ልጁም የአባቱን ሙያ ይዞ አደገ። በ1757 ዓ.ም. ጦርነትን ሸሽቶ ወደ እንግሊዝ አገር ሄደ፤ ኋላም በባዝ ከተማ ኦርጋን መችና የሙዚቃ አስተማሪ ሆነ። በ1772 ዓ.ም. እኅቱን ካሮላይንን ወደ ራሱ አመጣት።

ቀን ሙዚቃ እያስተማረ ሌሊት ስለ ከዋክብት የተጻፉ መጻሕፍትን ያነብ ነበር። ሰማዩን በዓይኑ ለማየት ቢመኝም ትልቅ ቴሌስኮፕ ለመግዛት አቅሙ አልፈቀደለትም። ስለዚህ በ1773 ዓ.ም. ከአንድ ጐረቤቱ የመስተዋት መሥሪያ ዕቃዎች ገዝቶ በገዛ እጁ መሥራት ጀመረ። የዚያን ጊዜ የቴሌስኮፕ መስተዋት ከመዳብና ከቆርቆሮ ቅልቅል የሚሠራ ነጭ ብረት ነበር። ብረቱ ቀልጦ በቅርጽ ይፈስሳል፤ ከቀዘቀዘ በኋላ ገጹ እንደ ሳሕን በጥቂቱ እስኪጐደጕድ ድረስ ይፈጫል፤ በመጨረሻም በዝፍት ላይ ይወለወላል። ጕድጓዳው ከልኩ እጅግ በጥቂቱ እንኳ ቢዛባ የኮከቡ መልክ ይደበዝዛል።

ቤቱ ሁሉ የሥራ ቦታ ሆነ። በእንግዳ መቀበያው አናጢ የቴሌስኮፑን ቱቦ ይሠራል፤ በመኝታ ክፍል ወንድሙ አሌክሳንደር የዓይን መነጽሮቹን ያዘጋጃል። አንድ ጊዜ ሄርሼል እጁን ከመስተዋቱ ሳያነሣ 16 ሰዓት ሲወለውል፣ ካሮላይን እንዳይራብ በእጇ አጐረሰችው።

መጋቢት 13 ቀን 1781 ዓ.ም. ሌሊት በቤቱ አትክልት ቦታ ሆኖ ሲመለከት ከከዋክብት መልኩ የተለየ ነገር አየ። በመጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መሰለው፤ ሲመረመር ግን ከሳተርን ወዲያ የሚዞር አዲስ ፕላኔት ሆነ፤ እርሱም ዛሬ ዩራኑስ የምንለው ነው። ይህን ፕላኔት ከእርሱ በፊት ያዩ ሰዎች ነበሩ፤ ነገር ግን ተራ ኮከብ መስሏቸው አለፉት። የሄርሼል መስተዋት ወርድ 16 ሳንቲሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ አንድ ስንዝር እንኳ አይሞላም። ልዩነቱ የመስተዋቱ አሠራርና የሚያየው ሰው ትጋት ነው።

በዚያው ዓመት 90 ሳንቲሜትር ያህል ወርድ ያለው መስተዋት ለመሥራት ተነሣ። ቅርጹን ያበጀው ከጭቃና ከፈረስ ፋንድያ ነው። የመጀመሪያው መስተዋት ሲቀዘቅዝ ተሰነጠቀ። በሁለተኛው ሙከራ ምድጃው ሾልኮ የቀለጠው ብረት በድንጋይ ወለሉ ላይ ፈሰሰ፤ ድንጋዩም እየፈነዳ ሲበተን ሁሉም ነፍሳቸውን ለማዳን ሮጡ። ሄርሼል ግን ሙያውን አልተወም።

ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ በዓመት 200 ፓውንድ ደመወዝ ስለ ቈረጠለት የሙዚቃ ሥራውን ለቀቀ። ንጉሡ በጠቅላላው 4,000 ፓውንድ ሰጥቶት በ1789 ዓ.ም. ቱቦው 12 ሜትር፣ መስተዋቱ 1.2 ሜትር የሆነውን ግዙፍ ቴሌስኮፕ ፈጸመ። በእርሱም የሳተርንን ጨረቃዎች አየ። ዳሩ ግን መሣሪያው ለማዞር አስቸጋሪ ነበር፤ መስተዋቱም በአገሩ እርጥበት ቶሎ ቶሎ ይጠቍር ነበር። ስለዚህ ሄርሼል ብዙውን ሥራውን የሠራው ወርዱ 47 ሳንቲሜትር በሆነው አነስተኛ ቴሌስኮፕ ነው። እርሱ ከመሰላል ላይ ሆኖ ያየውን እየተናገረ፣ ካሮላይን ሰዓት እያየች እየጻፈች፣ ወደ 2,500 የሚሆኑ የሰማይ ደመናዎችንና የከዋክብት ስብስቦችን መዘገቡ። እርሷም ራሷ ስምንት ጅራታም ከዋክብትን አገኘች። ሄርሼል በ1800 ዓ.ም. ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር አገኘ፤ በ1822 ዓ.ም. በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ያንን ጨረር የሚያይ፣ መስተዋቱ 3.5 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ2009 ዓ.ም. ወደ ሕዋ ሲላክ በስሙ ተጠራ።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት የተማርነው ይህ ነው። ቴሌስኮፕ የሚመረጠው በማጕላቱ ሳይሆን ብርሃን በሚሰበስበው መስተዋቱና በሚጸናው መቆሚያው ነው። ወርዱ እጥፍ የሆነ መስተዋት አራት እጥፍ ብርሃን ይሰበስባል። የማጕላት ልኩ ለእያንዳንዱ ሳንቲሜትር 20 ጊዜ ያህል ነው፤ ስለዚህ ባለ 7 ሳንቲሜትሩ መሣሪያ ከ140 ጊዜ በላይ ሲያጐላ ጨለማና ጭጋግ እንጂ ኮከብ አያሳይም። ደግሞም ወጥቶ ለማቆም የሚያስቸግር መሣሪያ፣ ትልቅ ቢሆንም፣ በመጋዘን ይቀራል።

ስለዚህ ማኅበራችን ሣጥኑን ትቶ፣ ወርዱ 15 ሳንቲሜትር የሆነውንና ሁለት ልጆች ተሸክመው የሚያወጡትን ለመግዛት በአንድ ድምፅ ቈረጠ። እኛ በሰኔ እንሰናበታለን፤ ክረምቱ አልፎ ሰማይ ሲጠራ የምታዩበት እናንተ ታናናሾቻችን ናችሁ። ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ ወደ ፀሐይ ፈጽሞ አታዙሩት፤ ነገር ግን ሥራ ፈትቶ አቧራ እንዲለብስም አትተዉት። ያየውን የሚናገር አንድ ሰው፣ የሚጽፍም አንድ ሰው ካለ፣ ሥራው ተጀምሯል።