ፈላስፋው ቄሣር ማርቆስ አውሬልዮስ

ስለ ኔሮንና ስለ ዲዮቅልጥያኖስ ጭካኔ በየጊዜው ሰምተናል። ዛሬ የምናነሣው ግን በጥበቡና በደግነቱ ስለሚመሰገነው ቄሣር ነው። ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ማርቆስ አውሬልዮስ በ121 ዓ.ም. በሮም ከተማ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ በአያቱ ቤት አደገ። በ12 ዓመቱ የፈላስፎችን ካባ ለብሶ በመሬት ላይ መተኛት ጀመረ፤ አልጋ የተቀበለው እናቱ ለምናው ነው ይባላል። ከመምህራኑ አንዱ ሩስቲኮስ፣ ቀድሞ ባሪያ የነበረውን የኤጲክቴጦስን ትምህርት የያዘ መጽሐፍ ከቤቱ አውጥቶ ሰጠው። ማርቆስም ይህን ውለታ ከነገሠ በኋላ እንኳ አልረሳም።

በ138 አንቶኒኖስ ጲዮስ በጉዲፈቻ ልጅ አደረገው፤ በ161 እርሱ ሲሞት ነገሠ። ብቻውን መግዛት ሲችል የጉዲፈቻ ወንድሙን ሉክዮስ ቬሩስን የዙፋን ተካፋይ አደረገ።

ዘመኑ ግን የመከራ ዘመን ነበረ። ከጳርቴ ጦርነት የተመለሰው ሠራዊት ቸነፈር ይዞ መጣ፤ እጅግ ብዙ ሕዝብም አለቀ። በሰሜን ደግሞ ከዳኑብ ወንዝ ማዶ ያሉ ነገዶች ድንበር ጥሰው ገቡ። ገንዘብ ባለቀ ጊዜ ንጉሡ በሕዝቡ ላይ አዲስ ግብር ከመጣል ይልቅ የቤተ መንግሥቱን የወርቅ ጽዋና የሚስቱን የሐር ልብስ ሳይቀር በሐራጅ ሸጠ። በ175 የከዳውን የጦር አለቃ የአቪድዮስ ካሲዮስን ራስ ቆርጠው ቢያመጡለት ሊያየው አልፈቀደም። ራሱን የሚመክርበትን 12 ክፍል ያለውን መጽሐፍ በግሪክ ቋንቋ የጻፈውም በዚህ በጦር ሰፈር ኑሮው ነው።

እንዲህ ባለው ንጉሥ ዘመን ነው እንግዲህ የክርስቲያኖች ደም የፈሰሰው። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ እውነትን ፍለጋ ከፈላስፋ ወደ ፈላስፋ ሲዞር ኖሮ በክርስቶስ ያመነ፣ ካመነም በኋላ የፈላስፋ ካባውን ያላወለቀ ሰው ነበረ። በ165 ገደማ ከጓደኞቹ ጋር ተይዞ ለጣዖት አልሠዋም በማለቱ አንገቱን ተሰየፈ። በችሎት ተቀምጦ የፈረደበት የከተማው ገዥ ማን ይመስላችኋል? ያው የንጉሡ መምህር ሩስቲኮስ ነው።

በ177 ደግሞ ዛሬ ፈረንሳይ በምትባለው አገር በሊዮን ከተማ ብዙ ምእመናን ተያዙ። አገረ ገዥው ስለ እነርሱ ወደ ንጉሡ ቢጽፍ፣ የካዱት እንዲለቀቁ፣ የጸኑት እንዲገደሉ መልስ መጣ። ከ90 ዓመት በላይ የሆነው ጳጳሱ ፖቲኖስ በእስር ቤት ሞተ። ብላንዲና የምትባል ባሪያም ገራፊዎቿ እስኪደክሙ ድረስ ተሠቃይታ አልካደችም። የባሪያን መጽሐፍ ሲያነብ የኖረ ንጉሥ ይህችን ባሪያ አላወቃትም። በእኔ አስተያየት ማርቆስ በደም የሚደሰት ሰው አልነበረም፤ ለሮም አማልክት መሠዋት ለእርሱ የዜግነት ግዴታ ነበረ፤ ይህን ሕግ ግን እንደ ፈላስፋ ቆም ብሎ አልመረመረውም።

በ180 በዘመቻ ላይ ሳለ ታሞ ሞተ፤ ዙፋኑንም ልጁ ኮሞዶስ ወረሰ። ከጥንት ቄሣሮች የነሐስ ሐውልቶች አብዛኞቹ ቀልጠው ጠፍተዋል። ማርቆስ በፈረስ ላይ ተቀምጦ የሚታይበት ሐውልት ግን እስከ ዛሬ በሮም አለ፤ የመካከለኛው ዘመን ክርስቲያኖች የታላቁ ቈስጠንጢኖስ መስሏቸው አልነኩትም።