ሃሪ ዊልያምስና የብረት ኳስ የፋቀው ሥዕል

ዕለቱ እሑድ ስለሆነ ስለ ጨዋታ ብንጽፍ የሚቀየመን ያለ አይመስለንም። ታሪኩን የምንተርክለት ሰው ሃሪ ዊልያምስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው። የዚህን ሰው ሕይወት የመረጥነው የሠራው ዕቃ ዛሬ አርጅቶ በየሀገሩ ያሉ ባለሙያዎች እያደሱት ስለሚገኙና፥ እድሳቱም ለማናቸውም አሮጌ ነገር የሚሆን ጥያቄ ስለሚያነሣ ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር እንሰጣለን።

አስቀድመን ጨዋታውን ለማያውቀው እናስተዋውቅ። ስሙ ፒንቦል ይባላል። በየሰፈራችን ልጆች እንደሚከቡት እንደ ጆተኒ አራት እግር ያለው ሣጥን ነው፤ ላዩ በመስተዋት ተሸፍኗል፤ ከመስተዋቱ ሥር ወደ ተጫዋቹ ያዘነበለ የእንጨት ገበታ አለ። ተጫዋቹ ሳንቲም ከትቶ ባለ ሞላውን ዘንግ ስቦ ሲለቀው አንዲት የብረት ኳስ ወደ ላይ ትፈናጠርና በገበታው ላይ ካሉት መሰናክሎች ጋር እየተጋጨች ቍልቍል ትመለሳለች። እንደ ነካችውም ነገር ነጥብ ይቈጠራል። ገበታው ከዳር እስከ ዳር በደማቅ ቀለም ሥዕል ታትሞበታል። አላፊ አግዳሚውን ጠርቶ ሳንቲሙን ከኪሱ የሚያስወጣው ይህ ሥዕል ነው።

ጨዋታው ባጋቴል ከተባለው ከጥንት የአውሮፓ ጨዋታ የመጣ ነው። በ1871 በሲንሲናቲ ከተማ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊ ሞንታግ ሬድግሬቭ ባለ ሞላውን ዘንግ ጨምሮበት የፈጠራ መብት አወጣ። በ1931 ደግሞ የቺካጎው ዴቪድ ጎትሊብ ባፍል ቦል የተባለውን ጨዋታ አውጥቶ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሸጠ። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የደረሰበት ነበርና፥ ሥራ የፈታ ሁሉ በአንዲት ሳንቲም ለጥቂት ደቂቃ ሐሳቡን የሚረሳበት ነገር አገኘ።

ሃሪ ዊልያምስ የተወለደው በ1906 በኒውዮርክ ነው። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ተማረ። ምሕንድስና የተማረ ሰው ድልድይና ግድብ ይሠራል ብለን እንጠብቃለን፤ እሱ ግን በሎስ አንጀለስ የሳንቲም መጫወቻ ወደ ማከራየትና ወደ መሥራት ገባ። እኛም ከዩኒቨርሲቲ ከወጣን ገና ብዙ ስላልቈየን፥ ዘመድ አዝማድ ስለዚህ ምርጫ ምን ሊል እንደሚችል ለመገመት አላቃተንም። ወጣቱ መሐንዲስ ግን ቶሎ አንድ ነገር አስተዋለ። ጨዋታው ሲለመድ ሰው ይሰለቸዋል፤ ሣጥኑ ግን ገና ጠንካራ ነው። ስለዚህ አዲስ ሣጥን ከመግዛት ይልቅ በአሮጌው ሣጥን ውስጥ የሚገባ አዲስ ገበታ መሥራት ይረክሳል። ሥራውን የጀመረው እንዲህ አድርጎ ነው። ይህን ነገር አንባቢያችን በልቡናው ይያዝልን፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በ1932 አድቫንስ የተባለውን ጨዋታ አወጣ። አንድ ቀን ተጫዋቹ ሣጥኑን ከሥር በእጁ እየመታ ያለ ድካም ነጥብ ሲሰበስብ አየ ይባላል። በዚህ ተናዶ መጀመሪያ ምስማር ከሥሩ አሹሎ አወጣበት፤ ኋላ ግን የሰው እጅ ማቍሰል እንደማይገባ ተረድቶ ሌላ ብልሃት ፈለገ። አንዲት ትንሽ ኳስ በአጭር ማቆሚያ ላይ አስቀመጠ፤ ሣጥኑ ከመጠን በላይ ሲነቀነቅ ኳሷ ትወድቅና ጨዋታው ያበቃል። ለዚህም መሣሪያ በአማርኛ ጆሮ ጠቢ እንደምንለው ያለ ስም ሰጠው። በኋላ ቲልት ማለት አዘነበለ የሚለው ስም ጸደቀለት። እስከ ዛሬም በፒንቦል ዓለም ሕግ ነው፤ ጥቂት ማነቃነቅ ጥበብ ነው፤ ከልክ ማለፍ ግን ያስቀጣል።

በ1933 ከዚህ የበለጠ ሥራ ሠራ። ኮንታክት በተባለው ጨዋታ ውስጥ የባትሪ ድንጋይና የኤሌክትሪክ ማግኔት አገባበት። ከዚያ በፊት ኳሷ በራሷ ክብደት ከመንሸራተትና ከጕድጓድ ገብታ ከመቅረት በቀር ሌላ ዕጣ አልነበራትም። አሁን ግን ከጕድጓዱ ውስጥ በኤሌክትሪክ ኀይል እየተገፋች መውጣት ጀመረች፤ ደወልም ተጨመረበት። ሕይወት የሌለው ሣጥን ነፍስ የዘራ መሰለ። ይሁን እንጂ የገበታው ሥዕል መከራ የጠናው ከዚያ ወዲህ ነው። ኳሷ ኀይል ባገኘች ቍጥር እንጨቱን የምትመታበትና የምትፍቅበት ኀይል ጨመረ። በ1947 በጎትሊብ ኩባንያ የሚሠራው ሃሪ ማብስ ኳሷን መልሶ የሚመታውን ፍሊፐር ሲፈጥር ደግሞ ጨዋታው ረዘመ፤ ፍቀቱም በዚያው ልክ በዛ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ ኳሷ የሄደችበትን መንገድ ገበታው አይረሳም።

በመካከሉ ጦርነት መጣ። ብረትና መዳብ ለጦር መሣሪያ ስለ ተፈለገ በአሜሪካ አዲስ የጨዋታ መኪና መሥራት ቆመ። በ1942 የኒውዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላጋርዲያ ጨዋታው ቍማር ነው ብሎ ከከተማው አገደው፤ ራሱም መዶሻ ይዞ ሣጥኖቹን ሲሰባብር ፎቶግራፍ ተነሣ። እገዳው እስከ 1976 ቈየ። በዚያው በ1942 ዊልያምስ ከሊን ዱራንት ጋር በቺካጎ ዩናይትድ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ፤ ሥራቸውም አሮጌ ጨዋታዎችን ፈትቶ በአዲስ ሥዕልና በአዲስ ስም እንደገና ማውጣት ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1943 የራሱን ዊልያምስ ማኑፋክቸሪንግ ኩባንያን መሠረተ። በኋላ ድርሻውን ሸጦ ቢወጣም ሥራውን አልተወም። በ1980 የስተርን ኩባንያ ያወጣው ፍላይት 2000 በእሱ የታቀደ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው ከ70 አልፎ ነበር። ሃሪ ዊልያምስ በ1983 ዐረፈ። ስሙን የያዘው ኩባንያም በ1999 ፒንቦል መሥራት አቆመ።

ሠሪው ሞተ፤ ፋብሪካውም ተዘጋ፤ ሣጥኖቹ ግን ቀሩ። ሲያልቅ አያምር ይባላልና፥ ብዙዎቹ ፊታቸው ተበልቷል። ኳሷ ዘወትር በምታልፍበት በፍሊፐሩ አጠገብና በጕድጓዶቹ አፍ ቀለሙ ተፍቆ ኮምፔንሳቶው ይታያል፤ እንጨቱም ላብና አቧራ ጠጥቶ ጠቍሯል። የባለሙያው ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል። መጀመሪያ እያንዳንዱን ብሎንና አምፑል ፎቶግራፍ እያነሣ ይፈታል። ገበታውን ያጸዳል፤ ከሥሩ ብርሃን የሚወጣባቸው የፕላስቲክ መስኮቶች ሰርጕደው እንደ ሆነ ደረጃቸውን ያስተካክላል። ከዚያ ገበታውን ክፍል በክፍል በስካነር አንሥቶ በኮምፒዩተር ይገጣጥመዋል፤ የጠፋውንም መስመር በእጁ እንደገና ይስላል።

ቀለሙን ማግኘት ከሁሉ ይከብዳል። የሚታየው ቀለም ብዙ ዓመት ብርሃን የመታው ስለሆነ እውነተኛው አይደለም። እውነተኛው የሚገኘው ብርሃን ባልደረሰበት፥ በመሰናክሎቹ እግር ሥርና በታችኛው ክዳን በተሸፈነው ቦታ ነው። በዚያ ቀዩ እንደ ጥንቱ ቀይ ነው። በፋብሪካ ሳለ ሥዕሉ የሚታተመው በሐር ወንፊት ሲሆን፥ ለእያንዳንዱ ቀለም ሌላ ወንፊት ያስፈልግ ነበር። ዛሬ ግን ጠፍጣፋው የኮምፒዩተር ማተሚያ ነጩን ቀለም ከሥር አንጥፎ ሁሉንም በአንድ ጊዜ በእንጨቱ ላይ ያትመዋል፤ ወይም ሥዕሉ በስስ ተለጣፊ ላይ ታትሞ ይለጠፋል። ሥዕሉ ከቀዳዳዎቹ ጋር በጥቂት እንኳ ቢዛነፍ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ሲጨረስ ብርሃን የሚያሳልፍ ቫርኒሽ ደጋግሞ ይቀባል፤ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ኳሷም ከእንግዲህ ሥዕሉን ሳይሆን ቫርኒሹን ትፍቃለች።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ፊቱ እንዲህ በአዲስ የተተካ ሣጥን ያው የድሮው ነውን? አይደለም የሚሉ አሉ፤ የተፋቀው ቦታ ስንት ሰው እንደ ተጫወተበት የሚመሰክር ስለሆነ መፍቅ የለበትም ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ማንም የማይጫወትበት ጨዋታ ሬሳ ነው ይላሉ። እኛ የሃሪ ዊልያምስን ሕይወት ካነበብን በኋላ ለሁለተኞቹ ማድላት ጀምረናል። እሱ ራሱ እንጀራውን የጀመረው በአሮጌ ሣጥን አዲስ ገበታ በማግባት ነውና፥ እድሳት ለዚህ ዕቃ ባዕድ አይደለም። ነገር ግን በእሱና በዛሬዎቹ መካከል አንድ ልዩነት አለ። እሱ አሮጌውን አንሥቶ አዲስ ሥዕል ሲያደርግ የቀድሞው ሠዓሊ ሥራ ይጠፋ ነበር፤ የዛሬዎቹ ግን የሚደክሙት የዚያኑ ሠዓሊ መስመርና ቀለም ለመመለስ ነው።

ስለዚህ የእኛ አስተያየት ይህ ነው። ከጥንቱ ቀለም ሊድን የሚችለው ይዳን፤ ያለቀው ብቻ ይተካ፤ የተተካውም ተተካ ተብሎ ለገዢው በግልጽ ይነገር። አዲሱን እንደ ጥንት አስመስሎ መሸጥ ሣጥኑን በድብቅ እንደ መነቅነቅ ይቈጠራል። ጥቂት ማስተካከል ጥበብ ነው፤ ከልክ ሲያልፍ ግን ጆሮ ጠቢዋ ኳስ መውደቋ አይቀርም።